በእግር ወደ ደቡብ ኦሞ፤ ለመማር ወይስ ለመመልከት?

ማኅበራችን በሚመጣው መፀው ለሚደረገው ጉዞ ገንዘብ ለመመደብ በተሰበሰበ ጊዜ አንዱ ወገን «አውቶቡስ እንከራይ፤ በሦስት ቀን ጂንካን፣ ማጎን፣ ኦሞራቴን አይተን እንመለስ» የሚል አሳብ አቅርቧል። ጭብጨባውም ብዙ ነበር። እኛ ግን ባለፈው ጥቅምት ስምንት ሆነን ከቀይ አፈር እስከ ቱርሚ በእግራችን የሄድን ነንና አሳባችን ሌላ ነው። ምክንያታችንንም ከነስሕተታችን እንናገራለን።

መንገዱን የመረጥነው በገበያ ቀን ነው። ቀይ አፈር ሐሙስ ይገበያል፤ ዲመካ ቅዳሜ፤ ቱርሚ ሰኞ። ባናውና ሐመሩ ፍየሉን እየነዳ፣ ማሩንና ቅቤውን ተሸክሞ በየሳምንቱ የሚመላለስበትን መንገድ እኛ አንድ ጊዜ ብንሄደው ጀግንነት ሊባል አይገባም። ከጂንካ በመኪና ቀይ አፈር ደርሰን ሐሙስ ገበያው ሲፈታ ተነሣን። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ መሪያችን ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ የባና ወጣት ነው። በየመንደሩ ደጅ ፈቃድ ጠይቀን አደርን፤ በማለዳም የቡና ገለባ ፈልቶ በቅል ቀረበልን።

ቅዳሜ በዲመካ ገበያ ከመካከላችን አንዱ ጠጕሯን በቅቤና በቀይ አፈር የለወሰች አንዲት እናት ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አነሣ። እርሷም እጇን ዘርግታ ዋጋ ጠየቀች። ጓደኛችን «እኛ ፈረንጅ አይደለንም፤ ያገሩ ልጆች ነን» እያለ ይከራከር ጀመር። መሪያችን የመለሰችውን ተረጐመልን፤ «አነሣሡ የፈረንጁ ነው፤ ያገሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሰላም ይለኝ ነበር» አለች። ከፈልን፤ አፈርንም።

ብዙዎቻችን «ሕዝቡ ገንዘብ ለምዷል» እያልን እናማለን። እስኪ ያስለመደው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ከመኪና ወርዶ፣ አንሥቶ፣ ተመልሶ ወደ መኪናው የሚገባ እንግዳ ከብር በቀር ትቶት የሚሄደው ምን አለ? ስሙን አይናገር፣ ስም አይጠይቅ፣ አብሮ አይቀመጥ። እንግዲያስ ዋጋ መጠየቋ ስስት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

እሑድ የሠራነው ስሕተት የባሰ ነበር። በካርታው ላይ የወንዝ መሥመር አይተን «ውኃ ከፊታችን ነው» ብለን ኮዳችንን በጠዋት ለእግር መታጠቢያ ሳይቀር አፈሰስነው። መሪያችን «ቆጥቡ» ቢለንም የሰማው የለም፤ ካርታ የያዝነው እኛ ነንና! ከቱርሚ አጠገብ ካስኬ ወንዝ ስንደርስ ያገኘነው አሸዋ ነው። አንዲት ልጃገረድ በአሸዋው መካከል ጕድጓድ ቆፍራ ከሥሩ የሚመነጨውን ውኃ በቅል እየቀዳች ጀሪካኗን ትሞላ ነበር። ከንፈራችንን አየችና ከጀሪካኗ አስቀድማ የስምንታችንን ኮዳ ሞላች። ዋጋ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ዋጋ የጠየቀንና እሑድ በነጻ ያጠጣን ሕዝብ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በእኛ አመጣጥ ላይ ነው። ቅዳሜ ተመልካቾች ነበርን፤ እሑድ የተጠማን መንገደኞች።

ማክሰኞ በመኪና ኦሞራቴ ወርደን የኦሞን ወንዝ አየን። ዳሰነች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ መዝራት የአባት እርሻው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ የወንዙን ሙላት ከለወጠው ወዲህ ያ እርሻ እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን ስንል ግድቡን ለመርገም አይደለም። ኦሞ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሞልቶ በዚያው አገር ከ300 በላይ ሰዎች መፍጀቱን አንረሳም። ወንዙ የሚያበቃበት የቱርካና ሐይቅም በቅርብ ዓመታት እየሰፋ የዳሰነችን መንደሮች አፈናቅሏል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሌሊት የምናነብበት መብራት ከሚመነጭባቸው ወንዞች አንዱ ይህ ነውና፣ በዳርቻው ያለው ሰው ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ከሰረ የማይጠይቅ ተማሪ ምን ተማረ ይባላል?

«አምስት ቀን ተራምዳችሁ ምን ሠራችሁ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። በዚህ ፊት አምስት ቀን ኢምንት ነው፤ አገልግሎትም አንለውም። ያስተማርነው አንድም ሰው የለም። አላዋቂነታችንን ግን በእግራችን ለካነው፤ በአውቶቡስ መስኮት ሊለካ አይችልም ነበር።

«አደጋ አለው» ለሚሉንም መልሳችን አጭር ነው። አደጋ ስላለ ነው መሪ የሚያስፈልገው። ጎሽ ባለበት በማጎ ፓርክ ውስጥ ያለ ጠባቂ እንራመድ ያለ የለም፤ የገበያው መንገድ ይበቃናል።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ጉዞው በእግር ይሁን፤ በአንድ ቡድን ከአሥር ሰው አይብለጥ። ሁለተኛ፣ ለአውቶቡስ ከታሰበው ገንዘብ የመሪውና የአሳዳሪው ዋጋ በቅድሚያ ይመደብ፤ ተጓዡም ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ የሰላምታ ቃል ይማር። ሦስተኛ፣ ካሜራ ከሻንጣ የሚወጣው ስም ከተለዋወጡና ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ይሁን። አራተኛ፣ የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ወደዚያው መንገድ ይመለስ፤ አንድ ጊዜ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛ የመጣ ግን ይታወቃል።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጕሙት ፈረስ» ይላሉ አበው። እኛም ወደ ደቡብ ኦሞ ስንወርድ ምሁርነታችንን ቀይ አፈር ላይ አውርደን፣ ለመጫንና ለመለጐም ፈቅደን እንሂድ። ይህን የማይፈቅድ ጓደኛ ካለ አውቶቡሱን ይሳፈር፤ ለፎቶግራፉም ዋጋ ሲጠየቅ አይቈጣ።