ገመዱ ቢቀር የጎረቤት ሐቅ አይቀርም



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ መስሎ ብዙ ጎረቤት ያቀያየመ ነው፦ ከስልክ ያለ ገመድ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚላክ ሙዚቃ። ሳሎን አንድ ስፒከር፣ ማድቤት አንድ፣ በረንዳ ላይ አንድ፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ ትልቁ። ባለቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይነካል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያዳምጣል። ይህ «ዘመናዊ ኑሮ» ተብሎ ሲሞገስ እንሰማለን። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ቴክኖሎጂው ጥፋት የለበትም፤ ስፒከሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ጎረቤትን ያለ ፈቃዱ አድማጭ ማድረግ ግን በደል ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። የሙዚቃ ሑክም ዑለማዎች በሰፊው የተናገሩበት፣ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። ጥያቄያችን የሚከፈተው ነገር ምንድን ነው የሚል ሳይሆን፣ ሳይፈልግ እንዲሰማ የተገደደው ሰው ሐቁ የት ገባ የሚል ነው።

*ገመዱ ምን ይጠብቅ ነበር?*

በቴፕ ዘመን ድምፁን የሚከፍተው ሰውና ድምፁ አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ከልክ ካለፈ መጀመሪያ የሚደነቁረው የራሱ ጆሮ ስለሆነ ይቀንሰዋል። ካሴቱም ልክ ነበረው፤ የስልሳ ደቂቃው ካሴት አንዱ ገጽ በ30 ደቂቃ ያልቃል፣ ለመገልበጥ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። ያ መነሳት በራሱ «አሁንስ አይበቃም?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል ይሰጥ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተለወጠ። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ድምፁን ከስልክ ወደ ስፒከር ያደርሳል፤ በተለመዱት የቤት ዕቃዎች ወደ 10 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዋይፋይ የሚሠሩት ደግሞ የቤቱ ኔትወርክ የደረሰበት ሁሉ ይደርሳሉ፤ አንዱን ዘፈን በአንድ ጊዜ በሁሉም ክፍልና በግቢው ያሰማሉ። ይህ ምቾት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን በዚህ ምቾት ውስጥ ድምፁን የሚቆጣጠረው እጅና ድምፁን የሚሸከመው ጆሮ ተለያዩ። ባለቤቱ መኝታ ቤት በር ዘግቶ ተቀምጧል፤ ስፒከሩ በረንዳ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት ያለው የጎረቤት መስኮት ተከፍቷል። በዚህ ሰዓት ስለ ድምፁ ብዛት ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው!

ማለቂያም የለውም። አንዱ ሲያልቅ አፕሊኬሽኑ ራሱ ሌላ መርጦ ይቀጥላል። ሰውዬው ይተኛል፤ ስፒከሩ አይተኛም። ይባስ ብሎ ስልኩ ላይ ጥሪ ሲመጣ ወይም የድምፅ መልዕክት ሲከፈት፣ የቤተሰብ ምስጢር በበረንዳው ስፒከር በኩል ወደ ሰፈሩ ይወጣል። ስንቱ ቤት ገበናውን በገዛ እጁ አደባባይ አወጣ!

*ብሎኬት ድምፅ አይከለክልም*

«ግድግዳ አለ እኮ» የሚሉ አሉ። የድምፅን ነገር ትንሽ እንይ። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሯችንም እጥፍ ያህል ጮክ ብሎ ይሰማል። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ በመጠኑ ያስቀረዋል። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው፣ ግን ግድግዳውንም ወለሉንም አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጎረቤት የዘፈኑን ቃል ሳይለይ «ዱም ዱም» የሚለውን ብቻ ትራሱ ድረስ የሚሰማው። ባለቤቱ ዜማ ያዳምጣል፤ ጎረቤቱ ድብደባውን ይቆጥራል።

ከቤት ውጭ ደግሞ ግድግዳም የለም። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች መካከል ግን ከግድግዳ ግድግዳ እየተመታ ይመላለሳል እንጂ ቶሎ አይጠፋም።

ጉዳዩ ሕግም አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተራርቀው ሲያወሩ ድምፃቸው ወደ 60 ዴሲቤል እንደሚጠጋ እናስብና፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ስፒከር ከወሰኑ ስንት እጥፍ እንደሚያልፍ እንገምት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ የሌሊት ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል።

*የሚቀርቡት ሰበቦች*

«ቤቴ ነው፣ ምን አገባችሁ?» — ቤቱ ያንተ ነው፤ ማንም አልተከራከረህም። ግን ከመታጠቢያ ቤትህ ውኃ ሰርጎ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ቢያበላሽ «ውኃው የኔ ነው» ብለህ ትመልሳለህ? ታሠራለህ፣ ይቅርታም ትጠይቃለህ። ድምፅም እንደዚያ የሚፈስ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ኮርኒሱ ላይ እድፍ አለመተው ብቻ ነው።

«ደስታ ነው» — ኒካሕ፣ ዒድ፣ አቂቃ ሲሆን ጎረቤት ይጠራል፣ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይደሰታል። ለአንድ ቀን ደስታ የሚቆጣ ጎረቤት ብዙ አይደለም። ነገር ግን ማክሰኞ ማታ ኒካሕ የለም! ደግሞም ያንተ የደስታ ቀን የሌላው የሐዘን ቀን ሊሆን ይችላል። ወላጆቻችን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ነበር የሚቀመጡት። ማን እንደሞተ ለማወቅ ግን በር ከፍቶ መውጣት ያስፈልጋል።

«እኛ የምንከፍተው ነሺዳና መንዙማ ነው፤ ቁርኣንም ነው» — ይህን ሰበብ ከራሳችን ወገን ስለሚመጣ ጠንከር አድርገን እንመልሰዋለን። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው፣ መጋረጃውን ገልጠው አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግርና በቂርኣት ድምፁን በሌላው ላይ ከፍ እንዳያደርግ መከልከላቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ልብ እንበል፦ ቦታው መስጂድ ነው፣ የሚቀራው ቁርኣን ነው፣ የተቸገሩትም ዒባዳ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። እዚያ ካልተፈቀደ፣ በረንዳ ላይ በተሰቀለ ስፒከር የሚያስፈቅደው ምንድን ነው? ማንም ቁጭ ብሎ በማያዳምጥበት፣ ሰው እየተጫወተና እየተሻማ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቁርኣንን መልቀቅስ ማክበር ነው?

«ሌላውስ ያደርግ የለ? ቡና ቤቱ እስከ ሌሊት ይጮህብን የለ?» — መጉዳትም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም የሚለው ነቢያዊ መርህ ለዚህ መልስ ይበቃል። የቡና ቤቱን ጩኸት በኛ ጩኸት ስንመልስ ቡና ቤቱ አይጎዳም፤ ከላይ ፎቅ ሕፃን የምታስተኛው እናት ግን ሁለቱንም ትሸከማለች። ቡና ቤቱን በሕግ ለመጠየቅም መጀመሪያ የራስን ስፒከር ማስገባት ይቀድማል።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ስፒከሩ ይጣል አላልንም። ከዱባይ ዘመድ የላከውን ዕቃ ማን ይጥላል? አጠቃቀሙ ይስተካከል ነው የምንለው።

አንደኛ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ከሩቅ ከሚያጓራ ትንሹ ከአድማጩ አጠገብ ቢሆን ይሻላል። ከስምንት ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብናቀርበው 12 ዴሲቤል ያህል ቀንሰነው እንኳ እኛ ጋር እኩል ይሰማል፤ ጎረቤት ጋር የሚደርሰው ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ግቢ ውስጥ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ራሳችን ቤት ይዙር፣ ወደ አጥር አይዙር። ቤዙን ከአፕሊኬሽኑ እንቀንስ። ስፒከሩን ወለል ላይ ወይም የጋራ ግድግዳ ላይ አናስደግፍ።

ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ አፕሊኬሽኖችና ስልኮች የድምፅ ጣሪያና የመዝጊያ ሰዓት ማስቀመጫ አላቸው፤ እናስቀምጥ። ከዒሻ በኋላ የውጪው ስፒከር ይዘጋ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ ከከፈትን በኋላ ወጥተን ጎረቤት በር ላይ እንቁም። እዚያ የምንሰማው ነው እውነተኛው መጠን፤ ስልኩ ላይ የምናየው መስመር አይደለም።

*ዝምታ ፈቃድ አይደለም*

«እስካሁን ማንም አልነገረኝም» የሚል ሰው ካለ ይህን ይስማ። የአገራችን ጎረቤት ይሉኝታ አለበት። የታመመው ለመነሳት አቅም የለውም። ለብሔራዊ ፈተና የምታጠናው ልጅ ትልቅ ሰው በር ላይ ሄዳ «ቀንሱልኝ» ለማለት ታፍራለች። ሌሊት ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛው ነርስ ትራሷን ጆሮዋ ላይ ትጭናለች። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ጎረቤት ደግሞ «ነገር ይሆንብኛል» ብሎ ይፈራል፤ የእርሱ ዝምታ ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። ጅብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ የደረሱበት አደራ፣ ለሙስሊም ጎረቤት ብቻ ብለን የምናጠበው አይደለም።

ስለዚህ ጎረቤት እስኪያማርር አንጠብቅ። የተናገረው አንዱ ሲሆን የታገሰው ስንት እንደሆነ አናውቅምና። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ሌሊት ሲያመን በር የሚያንኳኳልን፣ ሬሳችንን የሚያወጣልን እሱ ስለሆነ ነው። ያን ሰው በስፒከር አናስከፋው።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ይህን ጽሑፍ በሕንጻችሁና በሰፈራችሁ ግሩፕ ላይ ሼር አድርጉት፤ ስም ሳይጠራ መልዕክቱ ይድረስ።