ጎሚስታውን አናጣድፈው

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ የሎደርና የግሬደር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ትልቁ ስጋቱ መዶሻው ሳይሆን የታመቀው አየር ነው። ቸርኬው በቀለበት የሚያዝ ከሆነ፣ በደንብ ያልገጠመ ቀለበት ጎማው ሲነፋ ተስፈንጥሮ ጭንቅላትን፣ ፊትንና ክንድን ይመታል። እንዲህ ያለውን የራስ ቅል ስብራት ብዙ ጊዜ ሐኪም አይመልሰውም፤ ዋናው መድኃኒት ጥንቃቄ ነው።

ጎማው ከመፈታቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት አይገጠም። ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይነፋ፤ ሠራተኛውም በረጅም ቱቦ እየነፋ ከቀለበቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ራቅ ብሎ በጎማው ጥርስ በኩል ይቁም። አየር እያለው ቀለበቱን በመዶሻ መምታት፣ ጎማው ሳይወጣ ቸርኬውን መበየድም ሞትን መጥራት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። «ማሽኑ ቆመብኝ» ብሎ የሚያጣድፍ ሁሉ የሰዓታት ኪራይን ከሰው ነፍስ ጋር እየመዘነ ነው።

አደጋ ከደረሰ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ፣ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል አድርሱ። ፍንዳታው የመታው ሰው ቁስል ባይታይበትም ሳንባው ሊጎዳ ስለሚችል ይመርመር።