ጽሑፉ መሃል የገባችው «ቅ»

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዛሬ የምጣላው ኢማክስ ከሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ጋር ነው። «ጋዜጠኝነት ተምረሽ ከፕሮግራመሮች ዕቃ ጋር ምን አገናኘሽ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘን ፊደል ነው። ኢማክስ በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ከ22ኛው እትሙ (በፈረንጆቹ 2007) ጀምሮ ደግሞ የአማርኛ መጻፊያውን ይዞ ነው የሚመጣው። መመሪያውም አብሮት ስላለ ኢንተርኔት አይለምንም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለከረመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም።

እስቲ ገበዝ ማርያም ያለ አንድ ወጣት አስቡ። ስለ ፍኖተ ሰላም ገበያ እየጻፈ ሳለ አንድ ትእዛዝ ይጠፋውና እገዛ ይጠይቃል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ማብራሪያው ይመጣል። አነበበ፣ ገባው፣ አሁን መዝጋት ፈለገ። ከግርጌ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ኪውን ተጫን ትለዋለች። ተጫነ። ማብራሪያው ንቅንቅ አላለም፤ ይልቁንስ ጽሑፉ መሃል «ቅ» የምትባል ፊደል ቁጭ አለች! ለካ ኢማክስ የእገዛውን መስኮት ሲከፍት ጠቋሚውን ይዞ አይሄድም፤ ጠቋሚው ጽሑፉ ላይ ቀርቷል፣ በአማርኛ መጻፊያ ደግሞ ኪው ማለት «ቅ» ነው። መጀመሪያ ኮንትሮል ኤክስና ኦ ብሎ መሻገር ነበረበት።

ተሻገረ እንበል። ኪው ሲጫን መስኮቱ ይዘጋል። (እውነቱን ለመናገር ከ24ኛው እትም፣ ከ2012 በፈረንጆቹ፣ ወዲህ መስኮቱ ለእገዛው ሲባል የተከፈተ መሆኑን ያስታውሳል። ለዚህ ምስጋና ይግባቸው።) ማብራሪያው ግን አልሄደም፤ ከኋላ ተሸሽጓል። የለም፣ ጨርሶ ይጥፋልኝ ካለ ደግሞ ኮንትሮል ኤክስና ኬ አለ። በዚህኛው ማብራሪያው ይጠፋል፣ ስክሪኑ ግን ለሁለት እንደተከፈለ ይቀራል!

ይህን ቡና ሊጠጣ በመጣ እንግዳ መስሉት። በአንዱ መንገድ በርጩማው ይነሳል፣ እንግዳው ግን ጓዳ ተደብቆ ይቀራል። በሌላው እንግዳው ይሄዳል፣ በርጩማው ግን መሃል ቤት ተገትሮ ያድራል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መሸኘት ይቻላል፤ ኮንትሮል ኤክስ፣ አራት፣ ዜሮ። ይህን በግምት የሚያገኝ ጀማሪ ካለ እጄን አነሳለታለሁ።

ይህ ሁሉ እንኳ ይታለፍ። የማይታለፈው ስክራች ነው። ኢማክስ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ ባዶ ገጽ ማለት ነው። ባዶ ገጽ ያየ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ይጽፋል። ፋይል ስም ያለውን ጽሑፍ ኢማክስ በየ300 የኪቦርድ ምት ቅጂ ያስቀምጥለታል፤ መብራት ቢጠፋ ይተርፋል። ስክራች ላይ ያለውን ግን አያስቀምጥም። ፕሮግራሙን ስትዘጉ «ይቀመጥ ወይ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ማንም የማይፈልገውን የእገዛ ገጽ ጓዳ ይደብቃል፣ ሰው ላቡን ጠብ ያደረገበትን ያለ ቃል ይደፋዋል። ተገላቢጦሽ ማለት ይሄ አይደል?

«ገጹ አናት ላይ አይቀመጥም ተብሎ ተጽፏል» ይሉኛል። ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ። «ሴቲንጉን ቀይሪው» ይሉኛል። እኔ እቀይራለሁ። ግን ሴቲንግ መቀየር የሚችለው ቀድሞ የተማረ ነው፤ ገና እየተማረ ላለው ከፋብሪካው የመጣው ልማድ ሕግ ነው። «የቆዩት ሰዎች ጣታቸው ለምዶታል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። በ2009 እኮ 23ኛው እትም የተመረጠ ጽሑፍ ቀለም እንዲይዝ አድርጎ ነባር ልማዱን ለውጧል፤ ያልፈለገ አጠፋው፣ ማንም አልሞተም! (ቪምም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ «ቢዲ» ሲሉት ገጹን ከነመስኮቱ ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ግን የእሱን ለሌላ ቀን።)

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እገዛው ሲከፈት ጠቋሚው አብሮ ይሂድ። ስክራች ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ከመደፋቱ በፊት አንዴ ይጠየቅ። ሁለተኛው አንዲት ጥያቄ ናት፣ የመጀመሪያው ደግሞ ዛሬም ሄልፕ-ዊንዶው-ሴሌክት በሚል ስም ውስጡ አለ፤ ተዘግቶ ነው የሚመጣው።

እስከዚያው የገበዝ ማርያሙ ልጅ እገዛው መስኮት ውስጥ ሆኖ ከኪው በፊት ኮንትሮል ዩ ይጨምር፤ እንግዳውም በርጩማውም አብረው ይሄዱለታል። ስክራች ላይ ከጻፈ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ኤስ ብሎ ለጽሑፉ ስም ያውጣለት። «ቅ»ዋንም ማጥፋት እንዳይረሳ!