የባሕር ወለሉ ትልም ለምን አልጠገገም?

እ.ኤ.አ በ1989 የጀርመን ተመራማሪዎች ከፔሩ ጠረፍ ርቀው፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ በመርከብ በሚጎተት ማረሻ የፓስፊክ ውቅያኖስን ወለል አረሱ። ዓላማቸው ዘር መዝራት አልነበረም፤ በወለሉ ላይ የተበተነው ማዕድን ቢለቀም በዚያ ያለው ሕይወት ምን እንደሚሆን መፈተን ነበር። ከ26 ዓመታት በኋላ ወደ ሥፍራው ሲመለሱ ትልሙ አሁንም በግልጽ ይታይ ነበር።

ጥያቄው ዛሬ የተመራማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2025 የጥልቅ ባሕር ማዕድን ልማትን የሚያፋጥን ትእዛዝ ፈርመዋል። አገራቸው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አባል አይደለችም። ስምምነቱ ግን ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለውን የባሕር ወለል፣ የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ሕዝቦች ጭምር የሚጠቀሙበት የሰው ልጅ የጋራ ሀብት አድርጎ ደንግጓል።

የሚፈለጉት ኒኬል፣ ኮባልት፣ መዳብና ማንጋኒዝ ያዘሉ፣ ድንች የሚያክሉ እንክብሎች ናቸው። በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ለስላሳ ደለል ላይ ደግሞ ከእነርሱ ሌላ ጠንካራ ነገር እምብዛም አይገኝም። ስፖንጅ የተሰኘው እንስሳ በእንክብሉ ላይ ተተክሎ በረጅም አገዳ ይቆማል፤ ሲሞትም አገዳው ይቀራል። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው አንድ የኦክቶፐስ ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው በዚሁ በሞተው አገዳ ላይ ነው፤ እናቲቱም በሰውነቷ ሸፍና ትጠብቀዋለች። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ማዶ የታየች ሌላ የጥልቅ ባሕር ኦክቶፐስ እንቁላሏን ለ53 ወራት ታቅፋለች። እንግዲህ እንክብሉ ሲለቀም የሚሄደው ድንጋይ ብቻ አይደለም።

የባሕር ኪያር የሚባሉት ልፍስፍስ እንስሳት ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ትርፍራፊ ከደለሉ ጋር እየዋጡ ይኖራሉ። ፖል ዴይተንና ሮበርት ሄስለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1972 እንዲህ ያሉ በላተኞች ትናንሾቹንም አብረው ስለሚውጡ አንዱ ዝርያ በዝቶ ሌላውን እንዳይገፋ ያደርጋሉ ሲሉ ተከራከሩ። ከብት ረጅሙን ሣር ሲግጥ ማገጡ ብርሃን አግኝቶ እንደሚወጣ ማለት ነው። ሐሳቡን ሌሎች ሳይንቲስቶች ወዲያው ሞግተውታል፤ ክርክሩ የረዘመውም ወለሉ በቀላሉ የማይደረስበት በመሆኑ ነው።

መቀመጫውን ጃማይካ ያደረገው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በጁላይ 2025 ያደረገውን ጉባኤ የማዕድን ማውጫ ደንቡን ሳያጸድቅ ዘግቷል። ባለሥልጣኑ ማዕድን የማይወጣባቸውን ሰፋፊ ቀጠናዎች ለይቷል። ይህ በጎ ጅምር ነው፤ ሆኖም ሌላ ቦታ የተጠበቀ ወለል፣ እንክብሉ ለተነሣበት ስፖንጅ መቆሚያ አይሆነውም።