«እግዜር ይስጥህ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ «እግዜር ይስጥህ» ውሃ ላቀበለ ሰው ሲባል ምስጋና ነው፤ ደጅ ቆሞ ለሚለምን ሲባል ግን «የምሰጥህ የለኝም» ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ምስጋናውንም እምቢታውንም አላደረሰም፤ አንባቢው ጸሎት መስሎት ያልፋል። «በሞቴ»ም እንዲሁ ነው፤ እንግዳው አንድ ጉርሻ እንዲጨምር የሚማጸን የፍቅር ቃል እንዳለ ሲገለበጥ የሞት ወሬ ይሆናል። ስለዚህ የዕለት ንግግር ተርጓሚ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ተናጋሪው በዚህ ቃል ምን አደረገበት?» ብሎ ነው።

ጉዳዩ እንጀራ ይነካል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የደጋገማቸው፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር የችግረኛውን ኑሮ ለማወቅ መጠይቅ በእንግሊዝኛ ተረቅቆ በአማርኛ ሲጠየቅ፣ መልሱም ተመልሶ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ መንገዱ ላይ ብዙ ነገር ይንጠባጠባል። «ኑሮ እንዴት ነው?» የተባለ ገበሬ ጎተራው ባዶ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ችግሩን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መዝጋቢው የመጀመሪያዋን ቃል «ደህና ነው» ብሎ ካሰፈራት የተራበ ቤት በወረቀት ላይ ጠግቦ ያድራል።

«ሐሳቡን ብቻ ካሻገርን የቃሉ ለዛ ይጠፋል» የሚሉ ሰዎች ስጋታቸው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ከቤት አለ። ጋይንት የድጓ (የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ምስክር ቤት የሆነችው የቤተልሔም አገር ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ለሕዝቡ ባዳ አይደለም። የትርጓሜ መምህራን ንባቡን አስቀድመው «አንድም» እያሉ ምስጢሩን ያስከትላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ደቡብ አፍሪካውያንም «ኡቡንቱ»ን (ሰው በሰው ሰው ይሆናል የሚለውን እሳቤ) በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ቃሉን እንዳለ አኑረው አብራሩት፤ ዛሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተቀብሎታል። «አይዞህ»ም በዚህ መንገድ ሊሻገር ይችላል። ጊዜና ገንዘብ ያንሳል ለሚሉ ደግሞ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ ከእንግሊዝኛው ጎን የገበሬው ቃል እንደ ወረደ የሚሰፍርበት አንዲት መስመር። ያቺ መስመር ካለች ስህተቱን ሌላ ሰው አይቶ ያርመዋል፤ ከሌለች ግን ገበሬው ተናግሮም እንዳልተናገረ ይቀራል።