ለልማት ባንክ የሚመደበው ገንዘብ ማሳ የሚደርሰው መቼ ነው?

የኢትዮጵያ ልማት ባንክ እንደ ንግድ ባንኮች በአስቀማጭ ገንዘብ ላይ የቆመ አይደለም፤ ዋና አቅሙ መንግሥት የሚያመቻችለት ገንዘብ ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ከዚያ የተሰበሰበው ገንዘብ በአብዛኛው የተላለፈው ለልማት ባንክ ነው።

ገንዘብ ብቻውን ግን ምርት አልሆነም። በጋምቤላ በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ከተለቀቀው ብድር ብዙው ሳይመለስ ቀርቷል። አንድ መሬት ለሁለት ባለሀብቶች ተደራርቦ የተሰጠበት፣ ብድር ተወስዶበት ማሳው ጦም ያደረበት ሁኔታም ታይቷል። መንግሥት የባንኩን ካፒታል እንደገና ለማሳደግ ተገዷል። ይህ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ለመስኖና ለትራክተር ሊውል የሚችል ገንዘብ ለኪሳራ መሸፈኛ ሆነ።

ለወረዳ አመራሮች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ባንኩ የሚያምነው ከታች የሚመጣውን የመሬት ልኬትና ማስረጃ ነው። ወሰኑ በአካል ሳይታይ የሚጻፍ ደብዳቤ የነገ የተበላሸ ብድር ነው።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። ባንኩ የእርሻ መሣሪያ በሊዝ ሲያቀርብ ተከራዩ 20 በመቶ ያዋጣል። ተደራጅቶ አስቀድሞ የቆጠበ፣ መሣሪያው ስንት ማሳ እንደሚያርስ ያሰላ ማኅበር ዕዳውን ለመክፈል አይቸገርም።