የላስታ ድንጋይ፣ የእናቴ ቆርቆሮ

ባለፈው ገና ላሊበላ የሄድኩት ለበዓል ነበር፤ የተመለስኩት ግን የቤት ንድፍ ይዤ ነው። ከአያቴ የቀረው የድንጋይ ቤት ይፍረስ ወይስ ይታደስ የሚለው ጉዳይ ቤተሰባችንን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ወንድሜ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ፈለገ። እኔ ደግሞ ምኑም እንዳይነካ ተከራከርኩ። ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እናቴ ዝም ብላ ቡናዋን ታፈላ ነበር።

ላሊበላን ያያችሁ እነዚያን ቤቶች ሳታስታውሷቸው አትቀሩም። በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተገነቡ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ ጎጆዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚሰጠው ገለጻ ውስጥ እነዚህን የላስታ ጎጆዎችም ይጠቅሳቸዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ አንዳንዶቹ ቤቶች ሰው አልባ ሆነዋል። የእኛ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ እስካሁን ጭስ ይወጣበታል።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ አይደለሁ? መሸጥ ጀመርኩ። «እንግዳ ይወደዋል፣ ፎቶ ያምርበታል፣ ባህላችን ነው» አልኩ። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና፣ «አንቺ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነሽ እኔን ሙዚየም ጠባቂ ልታደርጊኝ ነው? ሳሩን በየጊዜው ማን ይክደነው? ግድግዳውን ማን ይለስነው?» አለችኝ።

አፈርኩ። በሥራዬ ማንኛውንም ዕቃ ለገበያ ከማቅረባችን በፊት ተጠቃሚውን እንጠይቃለን። የገዛ እናቴን ግን አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ፣ «እማዬ፣ ከዚህ ቤት የምትወጂው ምኑን ነው? የሚያደክምሽስ?» አልኳት።

የምትወደው ግድግዳውን ነበር፤ «ቀን አያቃጥልም፣ ሌሊት አያበርድም» አለች። እውነቷን ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይውጥና ማታ መልሶ ይለቀዋል። ቀጭኑና ውስጡ ክፍት የሆነው ብሎኬት ይህን ያህል ሙቀት አይዝም። ወንድሜም ቆሞ ያለ ግድግዳ አፍርሶ አዲስ መግዛት ስንት እንደሚያስወጣ ሲያሰላ ሐሳቡን ቀየረ።

የሚያደክሟት ነገሮች ደግሞ አራት ናቸው፦ ጭሱ፣ የሚያፈሰው የሳር ክዳን፣ የውጭው ደረጃ እና ውሃ። ንድፉ የተሠራው ከዚህ ዝርዝር ነው።

ለጭሱ ማድ ቤቱን ለብቻው አውጥተን ጭስ ማውጫ ሠራንለት። ለጉልበቷ ሲባል መኝታዋ ድሮ የከብት ወደነበረው ምድር ቤት ወረደ፤ የጠዋት ፀሐይ እንዲገባም በምሥራቅ በኩል መስኮት ተከፈተ።

ግድግዳው ላይ ግን የድሮ ስህተት ጠበቀን። ከዓመታት በፊት አንዱን ጎን ከውጭ በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ድንጋዩን አፈረፈረው። የሰፈራችን አዛውንት ግንበኛ ልስኑን አራግፈው፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ለቀናት ተቦክቶ በከረመ ጭቃ ለሰኑት። ጭቃ እርጥበትን መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል።

ለድንጋይ ትልቁ ጠላት ውሃ መሆኑን ላሊበላ ራሷ ትነግረናለች። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከሉት ትልልቅ ሽፋኖች ዝናብን ለመከላከል ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎችም በዙሪያቸው ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ፈልፍለዋል። እኛም ከአበባው በፊት በቤቱ ዙሪያ የድንጋይ ቦይ አስቆፈርን።

በጣሪያው ክርክር ተሸነፍኩ። እናቴ ቆርቆሮ አለች፣ ቆርቆሮ ሆነ። ግን አስቡት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር በሆነው ጣሪያችን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,000 ሊትር ማለት ነው። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ብዙ ባልዲ ይሞላል። ከሳር ክዳን ንጹሕ ውሃ መሰብሰብ አስቸጋሪ ነው። አሸንዳ ክብ ስለማይታጠፍ ጣሪያውን ስምንት ማዕዘን አደረግነው፤ ለድምፁና ለሙቀቱም ከሥሩ የእንጨት ኮርኒስ ገባ። እኔ የጠላሁት ቆርቆሮ ነው እንግዲህ የምመኘውን አትክልት ቦታ የሚያጠጣው።

ግቢውን በተመለከተ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች፤ «ለገና እንግዳ የሚያርፍበት መሃሉ ይተውልኝ» አለች። ላሊበላ ለገና የሚመጣውን መንገደኛ እግሩን አጥባ ትቀበላለች፤ ግቢ ያለው ሰውም ግቢውን ይከፍታል። ስለዚህ መሃሉን በድንጋይ አነጠፍን፤ ውሃ እንዲሰርግ ግን መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ አልደፈንነውም። በምሥራቅ በኩል ፀሐይ የማይከልሉ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት፣ በምዕራብ በኩል የከሰዓቱን ፀሐይ የሚጋርዱ ወይራና ኮክ ተተከሉ። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ወደ ጌሾው ይሄዳል። ውሃ በመምጠጥ የሚታወቀውን ባሕር ዛፍ ግን አላስጠጋነውም።

እናንተም ለመሥራት ወይም ለማደስ ካሰባችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤቱን ዕለት ዕለት የሚንከባከበው ማን ነው? ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ፀሐዩ ጠዋትና ከሰዓት በየት በኩል ይገባል? በብሎኬት ግድግዳ ላይ ድንጋይ ለጥፎ፣ ውሃ በሌለበት ሰፈር ሳር መንከባከብ ቤቱን ባህላዊ አያደርገውም። ቤታችሁ ቅርስ አጠገብ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል እናቴ ደወለች። ስልኩን ወደ አሸንዳው አስጠግታ የሚንፎለፎለውን ውሃ አሰማችኝ።

«ሮቶው ሞልቶ ፈሰሰ» አለች። «ሁለተኛ ይገዛ።»

«ቆርቆሮውስ አይረብሽም?»

«ምን አልሽ? አልሰማሽም፣ ጩኸቱ!»